የሜርሴን ቁጥር ብቸኛ መሆኑን በወረቀት መፈተሽ

እ.ኤ.አ. በ2024 የተገኘው ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም፣ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1 ነው፤ 41,024,320 አሃዞች አሉት። ይህን የሚያክለውን ቁጥር አካፋይ እየፈለጉ መፈተሽ ዘበት ነው። ደግነቱ፣ 2ን ደጋግመን አባዝተን 1 ስንቀንስ የምናገኛቸው የሜርሴን ቁጥሮች የራሳቸው መፈተሻ አላቸው። የሉካስ-ሌመር ፈተና ይባላል፤ ከማባዛት፣ ከመቀነስና ከማካፈል ያለፈ ነገር አይጠይቅም።

መጀመሪያ አርቢውን፣ ማለትም 2 ስንት ጊዜ እንደተባዛ የሚያሳየውን ቁጥር፣ እዩ። አርቢው ራሱ ብቸኛ ካልሆነ ነገሩ እዚያው አበቃ፤ 15 = 3 × 5 ስለሆነ 2¹⁵ − 1፣ ማለትም 32,767፣ ለ7ም ለ31ም ይካፈላል። አርቢው ብቸኛ መሆኑ ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ትናንሽ አካፋዮችን ሞክሩ። አርቢው ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ከሆነ፣ እያንዳንዱ ብቸኛ አካፋይ የአርቢው እጥፍ በአንድ ሙሉ ቁጥር ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት የሚገኝ ነው፤ ለ8 ሲካፈልም 1 ወይም 7 ይተርፈዋል። አርቢው 11 ሲሆን የመጀመሪያው እጩ 23 ነው፤ 2,047 ደግሞ በትክክል 23 × 89 ነው።

አካፋይ ካልተገኘ ወደ ፈተናው ግቡ። 2⁷ − 1 = 127ን እንውሰድ። ከ4 ተነሱ፤ የያዛችሁትን በራሱ አባዙ፣ 2 ቀንሱለት፣ ለ127 አካፍላችሁ ቀሪውን ብቻ ያዙ። ይህን ከአርቢው 2 ባነሰ ቁጥር ልክ፣ እዚህ ላይ 5 ጊዜ፣ ድገሙ፦

4 → 14 → 67 → 42 → 111 → 0

መጨረሻው 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ሌላ ማናቸውም ቁጥር ከመጣ አይደለም። ለ2,047 ብትሠሩት ከ9 ዙር በኋላ 1,736 ላይ ትቆማላችሁ።

አድካሚው ማካፈሉ ነው፤ እሱም አቋራጭ አለው። ለ127 ከማካፈል ይልቅ ለ128 (ለ2⁷) አካፍሉና ድርሻውን ከቀሪው ጋር ደምሩ። 67 × 67 − 2 = 4,487 ነው፤ 128 በውስጡ 35 ጊዜ ይገባና 7 ይተርፋል፤ 35 + 7 = 42። ድምሩ ከ127 ከበለጠ እንደገና ድገሙት። በመጨረሻው ዙር 111 × 111 − 2 = 12,319 ይመጣል፤ ድርሻው 96፣ ቀሪው 31፣ ድምሩ 127። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «0 አልመጣም» ብሎ ይተወዋል። 127 ለ127 ሲካፈል ምንም አይተርፈውም፤ ስለዚህ 0 ብላችሁ ጻፉት።

ሌላው የተለመደ ስህተት ቆጠራው ነው፤ መነሻው 4 እንደ ዙር አይቆጠርም። አርቢው 2 ሲሆን ደግሞ ፈተናው አይሠራም፤ 3 ብቸኛ ቁጥር ሆኖ ሳለ አይደለም ይላችኋል። በኤክሴል የምትሠሩ ከሆነ ከአርቢ 23 በላይ አትሂዱ። ኤክሴል የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ነው፤ በአርቢ 29 እና 31 ብዜቱ እስከ 18ና 19 አሃዝ ስለሚደርስ የመጨረሻዎቹን በዜሮ ይተካቸዋል፤ የስህተት መልእክትም አያሳይም። ለትልልቆቹ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይሻላል፤ ሙሉ ቁጥሮችን ምንም ያህል ቢረዝሙ አይቆርጥም።

ፈተናው አካፋይ አይነግራችሁም። የሒሳብ ሊቁ ሉካስ 2⁶⁷ − 1 ብቸኛ አለመሆኑን እ.ኤ.አ. በ1876 አሳየ፤ ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኮል 193,707,721 × 761,838,257,287 መሆኑን ያቀረበው ግን እ.ኤ.አ. በ1903 ነው።