ኬሚስትሪን በቆርኪ፦ ለሰፈር ልጆች ጨዋታውን እንዴት እናዘጋጅ?

ኮዬ ፈጬም ይሁን የካ አባዶ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኮሚናሉ ደጅ የሚሰባሰቡ ልጆች አይጠፉም። ቤተ ሙከራ የለም፤ ለዚህ ሥራ ግን ቆርኪ፣ ጠመኔና ካርቶን ይበቃል።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንግባባ። ጥያቄ እየጠየቁ ለመለሰ እስክሪብቶ መሸለም ጨዋታ ሳይሆን ፈተና ነው። የሸመደደው ይሸለማል፣ ያልሸመደደው በሚቀጥለው ቅዳሜ ይቀራል። ሕጉ ራሱ ኬሚስትሪ የሆነ ጨዋታ ምረጡ።

መጀመሪያ ከአካባቢው ግሮሰሪ 80 ቆርኪ ለምኑ። ጠርዙ እጅ ስለሚቆርጥ በመዶሻ ጠፍጥፉት። ከካርቶን 17 ካርድ ቁረጡና ጻፉባቸው፦ 3 ሶዲየም፣ 2 ማግኒዚየም፣ 2 አሉሚኒየም፣ 5 ክሎሪን፣ 4 ኦክስጅን፣ 1 ኒዮን።

ልጆቹ ካርድ በዕጣ ያንሱ፤ ከዚያ በውጨኛው ሼል (በአቶሙ የመጨረሻ የኤሌክትሮን ንብርብር) ባለው ኤሌክትሮን ልክ ቆርኪ ይውሰዱ። ሶዲየም 1፣ ማግኒዚየም 2፣ አሉሚኒየም 3፣ ኦክስጅን 6፣ ክሎሪን 7፣ ኒዮን 8። ሕጉ አጭር ነው፦ ብረቶቹ (ሶዲየም፣ ማግኒዚየምና አሉሚኒየም) ያላቸውን በሙሉ ሰጥተው ባዶ እጃቸውን ይቅሩ፣ ተቀባዮቹ (ኦክስጅንና ክሎሪን) 8 ይሙሉ። ፊሽካ ሲነፋ አንድ ሰው እንኳ ያልተሟላለት ቡድን ይወጣል። ኒዮን ከመጀመሪያውም 8 ስላለው የሚፈልገው ነገር የለም፤ ወንበር ስጡትና ዳኛ ይሁን።

ሶዲየምና ክሎሪን ወዲያው ይገናኛሉ። ግርግሩ የሚጀምረው አሉሚኒየም ጋ ነው፤ 2 ቆርኪ ለኦክስጅን ሰጥቶ 1 በእጁ ይቀራል። ሌላ ኦክስጅን ሲጠራ ደግሞ ለእሱ አንድ ይጎድለዋል። እዚህ ላይ አደራ፣ አትናገሩ! ሲሯሯጡና ሲጨቃጨቁ ቆይተው 2 አሉሚኒየም ከ3 ኦክስጅን ጋር እንደሚዘጋ ራሳቸው ይደርሱበታል። ቀመሩን መሬት ላይ በጠመኔ የምትጽፉት ከዚያ በኋላ ነው። በተሳሳተ ጥምረት የተዘጋ ቡድንም አለ ብላችሁ አትደንግጡ፤ 2 ሶዲየም ከ1 ኦክስጅን ጋር ከሆነ ትክክል ነው፣ የቀሩትም በሌላ ጥምረት ሊዘጉ ይችላሉ።

በሁለተኛው ዙር ከክሎሪኖቹ 4ቱን ብቻ አስቀሩ። ሰጪ ሲጠፋ ምን ይደረግ? ሁለት ሁለት ሆነው አንዳንድ ቆርኪ መሃል ላይ ያስቀምጡና ሁለቱም ይያዙት፤ መጋራት ማለት ይሄው ነው። አንድ ነገር ግን አርሙላቸው፦ ጨው ውስጥ ሶዲየምና ክሎሪን ጥንድ ጥንድ ሆነው አይኖሩም፣ እያንዳንዱ በ6 የሌላው ዓይነት ይከበባል። ልጆቹን በረድፍ እያፈራረቃችሁ አቁሟቸውና ይዩት።

ሲደክሙ እንቆቅልሽ ይግባ። «ብቻዬን ውሃ ሲነካኝ እቃጠላለሁ፣ ከወዳጄ ጋር ስሆን በየወጡ እገባለሁ» ቢባል መልሱ ሶዲየም ነው። ያቃተው አገር ሳይሆን ካርዱን ይስጥ።

ለመጨረሻ ከርከዴ አፍልታችሁ አቀዝቅዙና በብርጭቆ አካፍሉ። ጠብታ ከመጨመራችሁ በፊት ቀለሙ ወዴት እንደሚሄድ ይወራረዱ። ሎሚ ያደምቀዋል፤ ተጣርቶ የጠለለ የአመድ ውሃ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። አሁን የተከፈተ አምቦ ውሃንና ጋዙ የወጣለትን ማወዳደር ጥሩ ክርክር ያስነሳል። የተሞከረበትን ማንም አይቅመስ፤ የአመድ ውሃ ዓይን ውስጥ ከገባ ቶሎ በብዙ ውሃ ይታጠብ።

በረኪና ግን ወደ ጨዋታው አይቅረብ። ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ሲቀላቀል ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። የጓጓ ልጅ ቤቱ ገብቶ መሞከሩ ስለማይቀር፣ ለምን እንደተከለከለ በግልጽ ንገሩት።

ካርድ ስትጨምሩ የሚሰጠውና የሚጎድለው እኩል መሆኑን ቁጠሩ፤ ባሉት ካርዶች ሁለቱም 13 ናቸው። አንድ ካልሲየም ካስገባችሁ አንድ ኦክስጅን ወይም ሁለት ክሎሪን ማከል ግድ ነው።