ጀማሪ የፎረንሲክ ዲኤንኤ ባለሙያ፦ ከማመልከቻ እስከ መጀመሪያው ሪፖርት

በአሜሪካ የወንጀል ላቦራቶሪ ውስጥ በዲኤንኤ ክፍል ለመቀጠር የሚያስቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጁት ለማሽኑ ነው። ማሽኑ ግን ከሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ጀማሪን የሚፈትነው የራሱን ዲኤንኤ ከናሙናው ማራቅና መረጃው ሲያንስ «መወሰን አይቻልም» ብሎ ለመጻፍ መድፈር ነው።

ደረጃ 1፦ ትራንስክሪፕትዎን ያስተካክሉ

የኤፍቢአይ የጥራት መስፈርት በባዮሎጂ፣ በኬሚስትሪ ወይም በፎረንሲክ ሳይንስ ዘርፍ ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃል። ከዚያ ውስጥ ባዮኬሚስትሪ፣ ጄኔቲክስና ሞለኪውላር ባዮሎጂ መኖር አለባቸው፤ ስታቲስቲክስ ወይም ፖፑሌሽን ጄኔቲክስም ይጨመራል። የላቦራቶሪው ቴክኒካል ኃላፊ ትራንስክሪፕቱን ኮርስ በኮርስ ያነባል፤ የኮርሱ ስም ግልጽ ካልሆነ የትምህርቱን ዝርዝር ይጠይቃል። ዲግሪዎ ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ከማመልከትዎ በፊት በብቃት ምዘና ድርጅት ያስገምግሙት፣ የኮርሶቹን ዝርዝርም አብረው ያቆዩ። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ዜግነት ይጠይቃሉ፤ በፖሊስ ሥር ያሉት ደግሞ ያለፈ ታሪክዎን በጥልቀት ያጣራሉ። ሲቀጠሩ የጉንጭዎ ናሙና ይወሰዳል፤ የእርስዎ ዲኤንኤ በማስረጃ ላይ ከታየ ወዲያው እንዲለይ ነው።

ደረጃ 2፦ እውነተኛ ጉዳይ ከመንካትዎ በፊት

በመስፈርቱ መሠረት ቢያንስ 6 ወር የሰው ዲኤንኤ የፎረንሲክ ላቦራቶሪ ልምድ ሊኖርዎት፣ የብቃት ፈተናም ማለፍ ይኖርብዎታል። በዚህ ጊዜ የሚሠሩት ውጤታቸው አስቀድሞ በሚታወቅ ናሙናዎች ነው። አሰልቺ ይመስላል፤ የፒፔት (የጥቂት ፈሳሽ መለኪያ) እጅ የሚስተካከለው ግን እዚህ ነው።

ደረጃ 3፦ ዕቃውን መክፈት

የእሽጉን ማኅተም፣ የጉዳዩን ቁጥርና የርክክብ ሰነዱን አስተያይተው ፎቶ ያንሱ። አሮጌውን ማኅተም ሳይነኩ በሌላ በኩል ይቁረጡ። እርጥብ ልብስ በፕላስቲክ ታሽጎ ከመጣ ይመዝግቡት፤ እርጥበቱ ባክቴሪያ ያራባል፣ ባክቴሪያውም ዲኤንኤውን ይበላዋል። የወረቀት ከረጢት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ጠረጴዛውን በ10 በመቶ በረኪና (1 እጅ በረኪና፣ 9 እጅ ውሃ) ይጥረጉ፤ ድብልቁ ቶሎ ስለሚዳከም አዲስ ይበጥብጡ። ከዚያ በአልኮል ያጥቡት፤ የቀረ በረኪና ናሙናውንም ያጠፋል። ጓንት፣ ማስክና መቀስ በየዕቃው ይለወጣሉ ወይም ይጸዳሉ። ስልክ ወይም የራስዎን ማስክ ከነኩ ጓንቱ አልቋል። የማስረጃ ዕቃና የተጠርጣሪ ናሙና በአንድ ጊዜ አይክፈቱ፤ ማስረጃው ይቅደም።

ጥንቃቄው ቢበዛም የዕቃ አቅራቢው ሊያሳስትዎት ይችላል። በጀርመን በበርካታ ወንጀሎች ስትፈለግ የነበረችው «ሴት» በ2009 እ.ኤ.አ. የናሙና መጥረጊያ ጥጡን ከሚያዘጋጁት ሠራተኞች አንዷ ሆና ተገኘች። ስለዚህ በየዙሩ ምንም ናሙና የሌለበት ባዶ ቱቦ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይሠራል። ባዶው ቱቦ ዲኤንኤ ካሳየ ያ ዙር በሙሉ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

ደረጃ 4፦ ዲኤንኤውን ማውጣት

ደም ወይም ምራቅ ቀላል ነው። የጾታ ጥቃት ናሙና ግን ሁለት ዙር ይፈልጋል። መጀመሪያ ፕሮቲኔዝ ኬ (ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም) እና ኤስዲኤስ (ሳሙና መሰል ኬሚካል) የተጠቂዋን ሴሎች ይፈታሉ፤ የወንድ ዘር ሴል ጭንቅላት በጠንካራ የሰልፈር ትስስር የተያዘ ስለሆነ ሳይፈታ ይቆያል። በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን) ታች ከወረደ በኋላ ያንን ትስስር የሚበጥስ ዲቲቲ የተባለ ኬሚካል ተጨምሮ ይከፈታል። የተለመደው ጥፋት ታች የቀረውን ዝቃጭ በደንብ አለማጠብ ነው፤ የተጠቂዋ ዲኤንኤ ከወንዱ ጋር ይደባለቃል። የመጀመሪያውን ዙር ከልክ በላይ ማስረዘም ደግሞ በተቃራኒው የወንዱን ያፈስሳል።

አንድ የደኅንነት ነገር፦ የጓኒዲን ጨው (በአንዳንድ የዲኤንኤ ማውጫ ኪቶች ውስጥ ያለ ኬሚካል) ያለበትን ፍሳሽ በረኪና ወዳለበት ዕቃ በፍጹም አይድፉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ደረጃ 5፦ መለካት

ይህን ደረጃ ብዙ ጀማሪ እንደ ማለፊያ ያየዋል፤ የቀረውን ሥራ የሚወስነው ግን እሱ ነው። የዲኤንኤ መጠን በሚለካው ኪት በኳንቲፋይለር ትሪዮ ለምሳሌ በእያንዳንዱ የሳህኑ ጉድጓድ 18 ማይክሮሊትር ድብልቅና 2 ማይክሮሊትር ዲኤንኤ ይገባል። መጠናቸው በሚታወቅ ናሙናዎች የሚሠራው መለኪያ መስመር ከ50 ጀምሮ በ10 እጥፍ እየቀነሰ እስከ 0.005 ናኖግራም በማይክሮሊትር ይወርዳል። የመስመሩ ዝንባሌ ወደ -3.3 መጠጋት አለበት። ከራቀ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በማቅጠን ላይ ነው፦ ቱቦውን አለማናወጥ ወይም ቲፕ አለመለወጥ።

ከዚያ ቁጥሮቹን አብረው ያንብቡ። ጠቅላላው ዲኤንኤ 2፣ የወንዱ 0.002 ናኖግራም ከሆነ ወንዱ ከ1,000 አንድ እጅ ነው፤ በተራው ምርመራ አይታይም፣ የወንድን ዲኤንኤ ብቻ ወደሚያየው የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ ይሂዱ። ኪቱ ከሚለካቸው ሁለት የዲኤንኤ ቁራጮች የረጅሙ መጠን ከአጭሩ በጣም ካነሰ ዲኤንኤው ተሰባብሯል። የውስጥ መቆጣጠሪያው (ከኪቱ ጋር የሚገባው የታወቀ ዲኤንኤ) ከዘገየ ደግሞ የጂንስ ቀለም፣ የአፈር ሁሚክ አሲድ ወይም የደም ሄም ዲኤንኤውን የሚያባዛውን ኢንዛይም እየገታው ነው፤ ያቅጥኑት ወይም እንደገና ያጽዱት።

ደረጃ 6፦ ማባዛትና ማንበብ

የተመረጡ የዲኤንኤ ቦታዎችን የሚያባዛው ኪት ግሎባልፋይለር 25 ማይክሮሊትር ድብልቅ ይጠቀማል፤ 15ቱ የናሙናው ነው፣ የሚፈለገው 1 ናኖግራም ነው። ልኬቱ በማይክሮሊትር 0.5 ናኖግራም ከሆነ 2 ማይክሮሊትር ዲኤንኤ በ13 ማይክሮሊትር ቡፈር ይሞሉታል። ቡፈሩ (ማቅጠኛው ፈሳሽ) ኢዲቲኤ የተባለው ኬሚካል ያነሰበት ይሁን፤ ኢዲቲኤ ኢንዛይሙ የሚፈልገውን ማግኒዥየም ይይዝበታል። ልኬቱ 0.01 ከሆነ 15ቱንም ቢያስገቡ 0.15 ናኖግራም ብቻ ስለሆነ ከጥንዶቹ አለሎች (በየቦታው ከእናትና ከአባት ከሚወረሱት ሁለት ቅጂዎች) አንዱ ሊጠፋ እንደሚችል ከወዲሁ ይጠብቁ።

የተባዛውን 1 ማይክሮሊትር ከ10 ማይክሮሊትር ፎርማማይድና የመጠን መለኪያ ጋር አዋህደው በ95 ዲግሪ ለ3 ደቂቃ ያሙቁት፣ ለ3 ደቂቃ በበረዶ ላይ ያቆዩት። ከዚያ ቁራጮቹን በመጠን ለይቶ ግራፍ ወደሚያወጣው ማሽን ይገባል፤ በጉድጓዱ አረፋ ከቀረ ማሽኑ አየር ይስባል።

ግራፉ ላይ ከእውነተኛው ፒክ (የግራፉ ጫፍ) በአንድ ድግግሞሽ (በቦታው ከሚደጋገሙት አጫጭር የዲኤንኤ ክፍሎች በአንዱ) አጥሮ የሚታይ ትንሽ ፒክ ስታተር ይባላል፤ የማባዛት መንሸራተት ነው። ችግሩ የሁለተኛ ሰው አነስተኛ ዲኤንኤም ልክ እዚያ ሊያርፍ መቻሉ ነው። በተለያየ ቀለም ትክክል በአንድ ቦታ የሚታየው ደግሞ ከብዛት የመጣ የቀለም መፍሰስ ነው። ግራፉን አንብበው፣ የሰዎቹን ብዛት ገምተው ከጻፉ በኋላ ብቻ የተጠርጣሪውን ፕሮፋይል (የአለሎቹን ዝርዝር) ይክፈቱ። አስቀድሞ ያየ ሰው ስታተሩን ወደሚፈልገው አለል ሳያውቀው ይጎትታል።

ደረጃ 7፦ መጻፍ

ከ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ኮዲስ (የአሜሪካ የዲኤንኤ ፕሮፋይሎች ቋት) የሚጠይቀው 20 ዋና የዲኤንኤ ቦታዎችን ነው፤ ቀድሞ 13 ነበሩ። ከፊል ፕሮፋይል ያለበቂ መረጃ እንዲገባ አይገፋፉ። ናሙናው የብዙ ሰው ዲኤንኤ ድብልቅ ከሆነ እንደ ኤስቲአርሚክስ ያለ ሶፍትዌር ሁለት መላምቶችን ያነጻጽራል። ትክክለኛው አጻጻፍ «ተጠርጣሪው ከተካፈሉት አንዱ ቢሆን ይህ ውጤት የመታየት ዕድሉ፣ በምትኩ የማይታወቅ ሰው ቢሆን ከሚታይበት ይህን ያህል እጥፍ ይበልጣል» የሚለው ነው። «ወንጀለኛ የመሆን ዕድሉ ይህን ያህል ነው» ማለት ስህተት ነው፤ ተከላካይ ጠበቃም ይይዝዎታል። ዲኤንኤው መቼና እንዴት እዚያ እንደደረሰ ሪፖርቱ አይናገርም፤ ሲጠየቁም ከዚያ አይለፉ።

ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት ሌላ ብቃት ያለው ባለሙያ ከጥሬ መረጃው ጀምሮ ይገመግመዋል። ማስታወሻዎን በዕለቱ ይጻፉ፤ የሬኤጀንቱን (የኬሚካሉን) ሎት ቁጥር፣ የቱቦውን ቦታ፣ የተደረገውን እርማት ሁሉ። ስህተትን በአንድ መስመር ሰርዘው ፊርማና ቀን ያኑሩበት፤ የተፋቀ ቁጥር በመስቀለኛ ጥያቄ ወቅት ሊብራራ አይችልም።