ስንዴያችሁን ዋግ እንዳይጨርሰው ዘር እንዴት ትይዛላችሁ?

ዋግ ስንዴን የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ ነው። መጀመሪያ ጠላትን መለየት ነው። ቅጠሉን በአውራ ጣታችሁ እሹት። ቢጫ ብናኝ ከያዛችሁና ነጥቦቹ በቅጠሉ ላይ እንደ ስፌት ከተሰለፉ ቢጫ ዋግ ነው። ግንዱን ሰንጥቆ የወጣ፣ እንደ ሸክላ የቀላ፣ ሲዳስሱት የሚሻክር ከሆነ ደግሞ የግንድ ዋግ ነው።

አሁን ሂሳቡን አስሉት። ስንዴ በአንድ ክረምት የሚያፈራው አንዴ ነው። ዋግ ግን እርጥበቱ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ አዲስ ትውልድ ያወጣል፤ ከአንዲት ነጥብ የሚነሳው ብናኝ ራሱ በሺዎች ይቆጠራል፣ ነፋስም ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ሁሉ መሃል አንዱ ተለውጦ የስንዴውን መከላከያ ካለፈ፣ አንድ ዓይነት ዘር የተዘራበት አገር ሁሉ ክፍት በር ሆነለት ማለት ነው።

ይሄ እኛው ጋ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ቁብሳ የተባለ የስንዴ ዝርያ መታው። ብዙ ገበሬ ቢጫ ዋግን ወደሚችለው ሌላ ዝርያ፣ ወደ ዲጋሉ ዞረ። ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ባሌና አርሲ ላይ ሌላ የግንድ ዋግ ዓይነት ተነሳና ዲጋሉን አነደደው። ያንን ሁሉ ልፋት ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ማሳችሁን በአንድ ዝርያ አትሙሉት። ለሁለት ለሦስት ክፈሉት። ስማቸው ተለያይቶ መከላከያቸው አንድ የሆነ ዝርያዎች ስላሉ፣ የግብርና ባለሙያውን ይሄንኑ ለይታችሁ ጠይቁት።

የአገር ስንዴ ካላችሁ ደግሞ እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት። በአንድ ማሳ ውስጥ ነጩም፣ ወይን ጠጁም፣ ጥቁሩም አብሮ ይቆማል። ከአጨዳ በፊት ግቡና ለዘር የሚሆነውን ልቀሙ፣ ግን ከአንድ ጥግ አይሁን። ትልልቁን ዛላ ብቻ መምረጥ ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ስንዴ ግን በአብዛኛው ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው፤ የአንድ ዛላ ፍሬዎች መንታ ናቸው ማለት ይቻላል። አሥር ዛላ አባዝታችሁ ማሳውን ብትሞሉት ቢበዛ አሥር ዓይነት ነው የያዛችሁት። እኔ ከመቶ ዛላ በታች አልልም፣ ቀጭኑም ዘግይቶ የሚደርሰውም ይግባበት።

ዋግ በመታው ማሳ መሃል ንጹሕ ሆኖ የቆመ ካያችሁ ቀይ ክር እሰሩበትና ለብቻው ውቁት።

ከአጨዳ በኋላ ሳይዘራ የበቀለውን ስንዴ ንቀሉ። ዋግ ሕይወት ባለው ተክል ላይ ነው የሚኖረው፣ እዚያው ተደብቆ የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል።