አሮጌ ድፍን ሪቬት፦ ብዙ ጊዜ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ጣሳ ውስጥ ተጠራቅሞ የኖረ ሪቬት፣ ማለትም ላሜራን ከላሜራ የሚያጋጥም ባለ ራስ የብረታ ብረት ዘንግ፣ ሲገኝ እጅ ቶሎ ወደ መዶሻ ይሄዳል። ድፍን የምለው መሃሉ ቀዳዳም ሚስማርም የሌለውን፣ ሁለተኛው ራስ ተቀጥቅጦ የሚወጣለትን ነው፤ በመሳቢያ የሚሳበውን አይደለም።

ቀለሙን አይቶ ማመን። ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው። መዳብ የመሰለው መዳብ የተለበጠ ብረት ሊሆን ይችላል። ማግኔት አስጠጉለት፤ ጥብቅ አድርጎ ከያዘው ውስጡ ብረት ነው። ካልያዘው ጫፉን በሞረድ ፋቅ አድርጉት። ቀይ ከሆነ መዳብ፣ ቢጫ ከሆነ ነሐስ ነው። ነጭ ሆኖ እጅ ላይ ከቀለለ አሉሚኒየም፤ ነጭ ሆኖ ከከበደና ሞረዱን ካስቸገረ የማይዝግ ብረት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የመልክ ብቻ አይደለም፦ ተራ ብረት በመዳብ ላሜራ ላይ ተመትቶ እርጥበት ካገኘው፣ ላሜራው ደህና ሆኖ ሪቬቱ ተበልቶ ያልቃል።

የአሉሚኒየሙን ራስ አለማንበብ። የአውሮፕላን ሪቬት ራሱ ላይ ምልክት አለው። ቁጥሮቹ የአሉሚኒየሙን ቅይጥ ዓይነት ይለያሉ፦ ምንም የሌለበት ለስላሳው 1100 ነው፤ መሃሉ ጎድጎድ ያለች ነጥብ ያለችው 2117፤ ሁለት ወጣ ያሉ አጫጭር ሰረዞች ያሉት 2024። ይህ የመጨረሻው በእሳት ከታከመ በኋላ ቶሎ ካልተመታ ወይም ፍሪዘር ውስጥ ካልቆየ እየጠነከረ ይሄዳል። ዓመታት ጣሳ ውስጥ የከረመውን ብትቀጠቅጡት ጠርዙ ይሰነጠቃል፤ ተዉት። ምልክቱ ቢነበብም፣ ታሪኩ ያልታወቀ ሪቬት ለሚበር ነገር አይሆንም።

የኢንቹን ለሚሊሜትር መውሰድ። ካሊፐሩ (የውፍረት መለኪያው) 4.76 ሚሊሜትር ካሳየ 3/16 ኢንች ነው። ለ5 ሚሊሜትር ሪቬት በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ ይላላል።

ርዝመቱን በግምት መቁረጥ። እኔ አንዴ «ለማንኛውም» ብዬ ግንዱን፣ ከራሱ በታች ያለውን ዘንግ፣ አስረዝሜ ተውኩት፤ በሦስተኛው ምት እንደ ሚስማር ተጣጥፎ ላሜራው ላይ ተኛ። ለክብ ራስ፣ ከላሜራው አልፎ የሚወጣው የሪቬቱ ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ሁለት ባለ 2 ሚሊሜትር ላሜራ በ4 ሚሊሜትር ሪቬት ብታጋጥሙ፣ 4 ለላሜራው 6 ለራሱ፣ በድምሩ 10 ሚሊሜትር ግንድ ያስፈልጋል። ስትለኩ ከራሱ ሥር ጀምሩ። ራሱ ሰምጦ ከላሜራው ጋር እኩል የሚሆነው ሪቬት ግን ከነራሱ ነው የሚለካው።

የደረቀ (የጠነከረ) መዳብ ሳያለሰልሱ እንዳለ መምታት። ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግሉት፣ ውኃ ውስጥ ብትጨምሩትም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ቀላቱን ለማየት ጥላ ውስጥ መሥራት ይሻላል፣ ፀሐይ ላይ ያታልላል። ነጣ ወይም ወርቃማ ያለ ልባጥ ያለበትን የብረት ሪቬት ግን እሳት አታስነኩት፤ ልባጡ ካድሚየም ከሆነ ጭሱ ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ነው።