ቦይለሩ ሲያስቸግር፦ ከመነቀሉ በፊት የሚፈተሹ ነገሮች

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ባለ 50 ወይም ባለ 80 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር ውስጡ የሚሽከረከርም የሚንቀሳቀስም ነገር የለውም። ውስጡ በኢናሜል የተለበጠ የብረት በርሜል፣ ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት፣ በርሜሉን ከዝገት የሚጠብቅ የማግኒዚየም ዘንግ፣ ከታች በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ደግሞ ትርፍ ግፊት የሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቭ፤ በቃ ይኸው ነው። ስለዚህ የብልሽቱም ዓይነት ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ ከቦይለሩ ውጭ፣ ከመብራቱ፣ ከውሃው ወይም ከሻወሩ ሚክሰር ይገኛል። እዚህ የምናወራው አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት ስለሚገጠመው ስለዚህኛው ዓይነት ነው።

ይሞቃል፣ ግን ለብ ብቻ

መጀመሪያ ሰዓቱን ያስሉ። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ባለ 1500 ዋት ሬዚስታንስ ይህን በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይጨርሳል፤ 80 ሊትሩ ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ግን መስመሩ ሙሉ 220 ቮልት ሲኖረው ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃና ምጣድ ለኩሶ ቮልቴጁ ወደ 180 ከወረደ የሬዚስታንሱ ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል፤ 1500 ዋት የነበረው 1000 ዋት ይሆናል፣ 50 ሊትሩም 2 ሰዓት ተኩል ይወስዳል። «ጠዋት ጥሩ ያሞቃል፣ ማታ ግን ሰነፈ» የሚባለው ቦይለር ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። በመልቲሜትር ማታ ላይ መስመሩን ይለኩ፣ ልዩነቱን ያዩታል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሚክሰሩ ነው። ውስጡ ያለቀ ሚክሰር፣ ወይም ሚክሰሩ ተከፍቶ ጫፉ ላይ ብቻ የሚዘጋ የእጅ ሻወር፣ ቀዝቃዛውን ውሃ ወደ ሙቁ መስመር ያሳልፋል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ቀዝቃዛ ውሃ ከመዝጊያው ይዝጉና የእጅ መታጠቢያውን ሙቅ ቧንቧ ብቻ ይክፈቱ። ትንሽ ፈሶ መቆም አለበት። ካልቆመ፣ ያ ውሃ በቦይለሩ በኩል አልመጣም፤ ከአንዱ ሚክሰር እየተሻገረ ነው። ሚክሰሮቹን አንድ በአንድ ከሥራቸው እየዘጉ ሲሄዱ ጥፋተኛው ይገኛል። ይህን ሳይፈትሹ ቴርሞስታት የሚቀይሩ አሉ፤ ገንዘብ መጣል ነው።

ሙቅ ውሃው ቶሎ አለቀ የሚል ቅሬታም አለ። 60 ዲግሪ የደረሰ 50 ሊትር ከቀዝቃዛ ጋር ተደባልቆ ለገላ የሚሆን ከ70 እስከ 80 ሊትር ይወጣዋል። በደቂቃ 8 ሊትር የሚያፈስ ሻወር ይህን በ10 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። አራት ሰው ላለበት ቤት 50 ሊትር ጥፋት የለበትም፣ አነሰ እንጂ።

ጭራሹን ካልሞቀ

መብራቷን ይመልከቱ። በብዙዎቹ ላይ ጠቋሚ መብራቷ የምትበራው ከቴርሞስታቱ በኋላ ኃይል ሲያልፍ ነው። በርታ እያለ ውሃው ከሰዓታት በኋላም ቀዝቃዛ ከሆነ ሬዚስታንሱ ተበጥሷል። ካልበራች ደግሞ ወይ ኃይል አልደረሰም ወይ ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኃይል የሚያቋርጠው የሙቀት መከላከያ ቆርጧል።

ብሬከሩን ያጥፉ። ማብሪያውን ብቻ ማጥፋት አይበቃም፤ አንዳንድ ቤት ማብሪያው በስህተት ኒውትራሉን እየቆረጠ ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ፣ ፌዙን፣ ቀጥታ ትቶታል። የታችኛውን ሽፋን በካቻቢቴ ይፍቱና ኃይል አለመኖሩን በመልቲሜትር ያረጋግጡ። ቴርሞስታቱ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለች፣ ብዙውን ጊዜ ቀይ፤ ይጫኗት። «ቀጭ» ካለች መከላከያው ቆርጦ ነበር ማለት ነው፤ ይመለሳል። አንዴ ቢቆርጥ ምንም አይደለም። በሳምንት ውስጥ ደግሞ ከቆረጠ ግን ወይ ቴርሞስታቱ ተጣብቆ አልቆርጥ ብሏል፣ ወይ ሬዚስታንሱና የቴርሞስታቱ ማስገቢያ በኖራ ተሸፍነዋል። መከላከያውን በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ በምንም ምክንያት አይደረግም።

ከዚያ ሬዚስታንሱን ከሽቦዎቹ ነጥለው ሁለቱን ጫፎች ይለኩ። ባለ 1200 ዋት 40 ኦም፣ ባለ 1500 ዋት 32 ኦም፣ ባለ 2000 ዋት 24 ኦም አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። ጤነኛ ቁጥር ካሳየ ዓይንዎን ወደ ሽቦዎቹ መያዣ ይመልሱ፤ ላስቲኩ የቀለጠ ወይም የጠቆረ መያዣ ብሎኑ ላልቶ ሲግል የኖረ ነው። ሽቦውን እስከ ጤነኛው መዳብ ቆርጦ እንደገና ማጥበቅ ይበቃል። መስመሩ ለብቻው ከብሬከር የመጣ 2.5 ሚሜ ካሬ ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ይኑረው። ከማከፋፈያ ሶኬት ላይ ከፍሪጅና ከምጣድ ጋር የተሰካ ቦይለር የሚያቀልጠው ሶኬቱን ነው።

ውሃው ሲነዝር

ገላዎን ሲታጠቡ ወይም ቧንቧ ሲነኩ ትንሽም ቢነዝርዎ ብሬከሩን አጥፍተው እስኪጠገን አይጠቀሙበት። «ትንሽ ነው» የሚባል ንዝረት እርጥብ ገላ ላይ የለም። የሬዚስታንሱ ቆዳ ተሰንጥቆ ኃይል ወደ ውሃው እየወጣ ይሆናል። ሽቦዎቹን ከነጠሉ በኋላ መልቲሜትሩን ከአንዱ ጫፍና ከበርሜሉ ብረት ጋር ያገናኙ፤ ምንም ማሳየት የለበትም። ቁጥር ካሳየ ሬዚስታንሱ ይቀየራል፤ መጠገን የሚባል ነገር የለውም።

የነዘረው ግን ሁለት ነገር ስለጎደለ ጭምር ነው። አረንጓዴና ቢጫው የግራውንድ ሽቦ መሬት ድረስ ቢደርስና ኃይል ወደ መሬት ሲፈስ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር (ኢኤልሲቢ) ቢኖር ሰው ከመንካቱ በፊት መስመሩ ይጠፋ ነበር። ግራውንዱ ቦይለሩ ላይ ታስሮ ሌላኛው ጫፉ ግድግዳ ውስጥ የትም ሳይደርስ የቀረባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ኤሌክትሪሺያኑ እስከ መሬቱ ዘንግ ድረስ ለክቶ ያሳይዎ። ከመታጠብ በፊት ቦይለር ማጥፋት ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን ይህን አይተካም። ማብሪያውም ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጥ ባለ 20 አምፔሩ ይሁን።

ቫልቩ ያንጠባጥባል፤ ያንጠባጥብ

ከብሶቶች ሁሉ በብዛት የሚሰማው ይህ ሳይሆን አይቀርም፣ መልሱም ብዙ ጊዜ «ጤነኛ ነው» የሚል ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 50 ሊትር ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ በ0.8 ሊትር ያህል ይጨምራል። ሴፍቲ ቫልቩ ውስጥ ያለው የአንድ አቅጣጫ ማሳለፊያ ውሃው ወደ መጣበት እንዳይመለስ ስለሚከለክል፣ ትርፉ በቫልቩ አፍ ጠብ ጠብ ይላል። ብዙዎቹ የሚከፈቱት በ7 ወይም በ8 ባር ነው፤ ቁጥሩ ቫልቩ ላይ ተጽፏል። ጠብታው አስጠልቶ አፉን በቡሽ፣ በቴፍሎን ወይም በተዘጋ ቱቦ መድፈን ግን ቤት ውስጥ ቦምብ እንደ ማስቀመጥ ነው፤ ቴርሞስታቱ ከተጣበቀ ግፊቱ መውጫ አጥቶ በርሜሉን ያፈነዳዋል። ቀጭን ቱቦ አፉ ላይ ሰክተው ወደ ወለሉ ማፍሰሻ ቁልቁል ይልቀቁት፣ ጫፉም ክፍት ይሁን።

ቦይለሩ ጠፍቶ ቀዝቅዞም የሚንጠባጠብ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ማንሻውን ሦስት አራት ጊዜ ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ ቆሻሻ ተቀርቅሮ ከነበረ ይታጠባል። ካልቆመ የመስመሩን ግፊት በጌጅ ይለኩ፣ በተለይ ሌሊት፣ ሰፈሩ ውሃ በማይጠቀምበት ሰዓት። ከ5 ባር በላይ ከሆነ ቤቱ መግቢያ ላይ 3 ባር ላይ የተስተካከለ ግፊት መቀነሻ ያስገጥሙ። ግፊቱ ደህና ከሆነ ቫልቩ ይቀየር፤ ከቦይለሩ ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ ነው። ሲገጠም ቀስቱ ወደ ቦይለሩ ያመልክት። ማንሻውን በወር አንዴ ለጥቂት ሰከንድ ማንሳት ቫልቩ በኖራ ተጣብቆ እንዳይቀር ያደርጋል፤ የሚወጣው ፍል ሊሆን ስለሚችል እጅዎን ያርቁ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት

ውሃ ሲጠፋ ቦይለሩ ባዶ ይሆናል ብለው የሚፈሩ አሉ። አይሆንም፣ ቫልቩ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ። ሙቁ ውሃ የሚወጣው ከበርሜሉ አናት በሚነሳ ረጅም ቱቦ ነው፤ ከታች ቀዝቃዛ ገብቶ ካልገፋው አይወጣም። አደገኛው ቤት ያ የአንድ አቅጣጫ ማሳለፊያ የሌለው ወይም ያለቀበት ነው፤ መስመሩ ሲደርቅ የበርሜሉ ውሃ ወደ ኋላ ይፈስና ሬዚስታንሱ ደረቅ ይቀራል። ያኔ መብራቱ ካለ በደቂቃዎች ይቃጠላል። ስለዚህ ውሃ ጠፍቶ በመጣ ቁጥር፣ ቦይለሩን ከማብራት በፊት ሙቁን ቧንቧ ከፍተው አየሩ ወጥቶ ሳይቆራረጥ እስኪፈስ ይጠብቁ። መብራት ሄዶ ሲመጣም አምስት ደቂቃ ያህል ታግሠው ያብሩ።

ከጣሪያ ሮቶ የሚጠጡ ቤቶች ደግሞ ቀዝቃዛው ጥሩ እየፈሰሰ ሙቁ ደካማ ይሆንባቸዋል። ሮቶው ከሻወሩ 3 ሜትር ቢበልጥ ግፊቱ 0.3 ባር ብቻ ነው፣ ከዚያ ላይ የቫልቩ ስፕሪንግ ድርሻውን ይወስዳል። መፍትሔው ሮቶውን ከፍ ማድረግ ወይም ትንሽ ግፊት ጨማሪ ፓምፕ ማስገባት ነው እንጂ ማሳለፊያውን ከቫልቩ ነቅሎ መጣል አይደለም። ድክመቱ አንድ ቧንቧ ላይ ብቻ ከሆነ ግን የዚያን ቧንቧ ወንፊት ይጠቡ።

የዓመቱ ጽዳት

ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ ቢደረግ ጥሩ ነው፤ ደለል ያዘለው ውሃ አልፏል። የሚያዝ ነገር፦ መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ባልዲ፣ ቴፍሎን፣ አዲስ የጎማ ማሸጊያ እና አዲስ የማግኒዚየም ዘንግ። ዘንጎቹ በውፍረትና በጥርስ ስለሚለያዩ አሮጌውን ይዞ ገበያ መሄድ ይሻላል።

ብሬከሩን ያጥፉ፣ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ሙቁን ያፍስሱ። የቀዝቃዛውን መግቢያ ዘግተው ሙቁን ቧንቧ ክፍት ይተዉት፤ አየር ካልገባ በርሜሉ አይፈስም። ማፍሰሻው ሁልጊዜ በቀዝቃዛው፣ በሰማያዊው በኩል ነው፤ ቀዩን ቢፈቱ ትንሽ ፈሶ ይቆማል። በቫልቩ ማንሻ በኩል ማፍሰስ ይቻላል፣ ቀርፋፋ ግን ነው። ባዶ ሲሆን የሽቦዎቹን ቦታ ፎቶ አንስተው ይንቀሉ፣ ከዚያ ክዳኑን ይፍቱ፤ ሬዚስታንሱና ዘንጉ አብረው ይወጣሉ። ባልዲውን አይርሱ፣ የቀረ ውሃና ጭቃ ይወርዳል።

ሬዚስታንሱ ላይ ያለውን ነጭ ቅርፊት በአቼቶና በውሃ እኩል ድብልቅ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ይዘፍዝፉት፤ በቢላ አይፋቁት፣ ቆዳው ይጫራል። ጠንካራ አሲድ በርሜሉ ውስጥ ማፍሰስም ኢናሜሉን ይበላዋል። ቦይለሩ ሲሞቅ ይንጣጣ ከነበረ ምክንያቱ ይህ ቅርፊት ነው። ድሬዳዋና መቀሌ ውሃው ኖራ ስለሚበዛበት ጽዳቱ በየስድስት ወሩ ቢሆን አይበዛም። አዲስ አበባ ውስጥም ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚያገኙ ሰፈሮች ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ከሚያገኙት ይልቅ ቅርፊቱን ቶሎ ያያሉ።

የማግኒዚየሙ ዘንግ ሥራው መበላት ነው፤ ዝገቱ በርሜሉን ትቶ እሱን እንዲበላ የተቀመጠ ነው። መሃሉ ያለው የብረት ሽቦ ከታየ ወይም ውፍረቱ በግማሽ ከቀነሰ ይቀይሩት። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን አይጠምጥሙ፣ ብረት ለብረት መንካት አለበት። ውሃው የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ቴርሞስታቱን ለአንድ ቀን ወደ መጨረሻው ከፍ አድርገው ያፍስሱት፤ ከተመለሰ የአሉሚኒየምና ዚንክ ዘንግ ይሞክሩ። ዘንጉን ጨርሶ አውጥቶ መተው በርሜሉን ለዝገት መስጠት ነው።

ሲመልሱ ብሎኖቹን በተቃራኒ ጥንድ ጥንድ ያጥብቁ፣ በርሜሉን ሞልተው አየሩን ያስወጡ፣ ማሸጊያውን በደረቅ ወረቀት ነክተው ጠብታ አለመኖሩን ይዩ፤ መብራቱ ከዚህ በኋላ ነው። ሙቀቱን 60 ዲግሪ ላይ ይተዉት። ከዚያ ዝቅ ሲል ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ይመቸዋል፤ 60 ዲግሪውም ቢሆን ቆዳን በሰከንዶች ያቃጥላልና ልጆች ሲታጠቡ ቀዝቃዛውን ቀድመው ይክፈቱ።

ውሃው ከክዳኑ ሳይሆን ከሽፋኑ ስፌት ከመጣ በርሜሉ ተበስቷል። ብየዳ ኢናሜሉን ስለሚያቃጥለው በወራት ውስጥ ከጎኑ ይበሳል፣ ይቀየር። አዲሱ ሲሰቀል ባለ 80 ሊትሩ ከነውሃው 100 ኪሎ ገደማ እንደሚሆን ያስቡ፤ ባዶ ብሎኬት ግድግዳ ላይ ተራ ፊሸር አይችለውም፣ ከጀርባ በብረት ሳህን የሚታሰር ረጅም ብሎን ያስፈልገዋል።