ታዳጊ ቡድንዎ በውድድሩ አጋማሽ በአንድ ግብ ልዩነት ሲሸነፍ ምን ያድርጉ?

ታዳጊ ቡድን 6 ለ 0 ሲሸነፍ አሠልጣኙ ብዙ አይጨነቅም፤ ተጋጣሚው በሁሉም ረገድ የተሻለ ስለነበር ገና ብዙ መሠረታዊ ሥራ እንደሚቀር ለማንም ግልጽ ነው። የሚያስቸግረው 1 ለ 0 ወይም 2 ለ 1 የተጠናቀቀው ጨዋታ ነው፤ በተለይም የውድድር ዘመኑ ተጋምሶ፣ ልጆቹ የደረጃ ሰንጠረዡን መከታተል በጀመሩበትና ወላጆችም ተስፋ ባደረጉበት ወቅት ሲመጣ። እንዲህ ያለው ሽንፈት አሠልጣኝን በሁለት ተቃራኒ መንገዶች ያሳስታል። አንዳንዱ «ዕድል ነው» ብሎ ምንም ሳይመረምር ያልፈዋል፤ ሌላው ደግሞ አሰላለፉን፣ አጨዋወቱንና የልምምድ መርሐ ግብሩን በአንድ ሌሊት ይገለብጠዋል። እኔ የምመክረው ከጨዋታው አንድ ነገር ብቻ መርጠው እንዲያርሙና የቀረውን ለጊዜው እንዳለ እንዲተዉት ነው።

ፊሽካው ከተነፋ በኋላ

የመጨረሻው ፊሽካ እንደተነፋ ልጆቹን ሰብስበው ትንታኔ መስጠት አይጀምሩ። በዚያ ቅጽበት የሚነገረው አብዛኛው ነገር ጆሯቸው አይገባም፤ የገባውም ቢሆን ከድምፅዎና ከፊትዎ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚቀመጠው። መጀመሪያ ተጋጣሚዎቻቸውንና ዳኛውን ይጨብጡ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ከዚያም ክብ ሠርተው ሲቆሙ በትክክል የሠሩትን አንድ የተወሰነ ነገር ጠቅሰው ይንገሯቸውና ቀጣዩ ልምምድ መቼ እንደሆነ አስታውሰው ያሰናብቷቸው። «ጎበዞች፣ ጥሩ ተጫውታችኋል» የሚለው አጠቃላይ ሙገሳ አይጠቅምም፤ «በሁለተኛው አጋማሽ ኳስ በተነጠቃችሁ ቁጥር ሁላችሁም ተመልሳችሁ ሮጣችኋል» የሚለው ግን ልጆቹ ራሳቸው ያዩትና የሚያምኑት ነገር ነው።

ከ13 ዓመት በታች ቡድን ሳሠለጥን 2 ለ 1 በተሸነፍንበት አንድ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ግብ ጠባቂያችን የግቡን ቋሚ ተደግፎ ተቀምጦ አገኘሁት። የግራ እጁን ጓንት ማሰሪያ ይፈታል፣ መልሶ ይለጥፋል፣ እንደገና ይፈታል። ሁለተኛዋ ግብ ከማዕዘን ምት የመጣች ነበረች፤ ኳሷን ሊይዝ ወጥቶ በጣቱ ጫፍ ብቻ ነክቷት አለፈችው። ጠጋ ብዬ «አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» አልኩት። ዛሬ ቢሆን እንዲህ አልለውም፤ ጥፋት የሚለውን ቃል በመካከላችን ያመጣሁት እኔ ነበርኩና። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጓንቱን እንዲያወልቅ ማገዝ ብቻ ይበቃ ነበር።

ወላጆችን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ ወደ ቤት በሚመለሱበት ጊዜ ስለ ጨዋታው ወሬ የሚጀምረው ልጁ ይሁን። ስለ ዳኛው ውሳኔ ደግሞ አሠልጣኙ በልጆቹ ፊት ምንም ባይናገር ይመረጣል፤ ዛሬ ሽንፈቱን በዳኛ ያሳበበ ልጅ በሚቀጥለው ልምምድ ላይ የሚያርመው ነገር አይታየውም።

በዚያው ምሽት የሚጻፍ ማስታወሻ

ከመተኛትዎ በፊት ያስታወሱትን ይጻፉ፤ ሲያድር ጨዋታው በአእምሮዎ ውስጥ ተለውጦ ከውጤቱ ጋር እንዲስማማ ሆኖ ያገኙታል። ፍርድ ሳይሆን ያዩትን ብቻ ይመዝግቡ፦ ስንት ጊዜ ወደ ግብ እንደሞከራችሁ፣ ከየትኛው የሜዳ ክፍል ኳስ እንደተነጠቃችሁ፣ ማንን መቼ እንደቀየሩ፣ ግቡ በስንተኛው ደቂቃ እንደተቆጠረ።

ከዚያ ግቡን ወደ ኋላ ይከተሉት። ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ሥራ በመሆኑ ጊዜ ይስጡት። የመጨረሻውን ስሕተት ሁሉም ሰው አይቶታል፤ እርስዎ የሚፈልጉት ግን ከእሱ በፊት የነበሩትን ሦስት ወይም አራት ቅጽበቶች ነው። ከላይ ያነሣሁትን ግብ በዚህ መንገድ ስመረምር፣ የማዕዘን ምቱ የተሰጠው ተከላካያችን ኳሷን ወደ ውጭ ለማውጣት ስለተገደደ ነበር፤ የተገደደውም በእኛው የሜዳ ክፍል ያገኘነውን የእጅ ውርወራ ለተጋጣሚ ስላስረከብን ነው፤ ያስረከብነው ደግሞ ወርዋሪው ኳሷን ይዞ ሲጠብቅ ሊቀበለው የቀረበ አንድም አማካይ ስላልነበረ ነው። መቅረብ የነበረበት አማካይ በሜዳው መሐል እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ ይተነፍስ ነበር። እሱን ከአሥር ደቂቃ በፊት መቀየር የነበረብኝ እኔ ነኝ። በዚህ መልኩ ሲታይ በግብ ጠባቂው ጣቶች ላይ ያበቃው ነገር የጀመረው ከተጠባባቂ ወንበሩ አጠገብ ነው፤ አብዛኞቹ የታዳጊዎች ግቦች ወደ ኋላ ሲከተሏቸው ወደ ትልልቆቹ ሰዎች ይመጣሉ ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ የእግር ኳስን ጠባይም ያስታውሱ። ግብ የሚቆጠረው በጥቂቱ ስለሆነ አንድ ተጨራርፋ የገባች ኳስ ወይም ቋሚውን መትታ የተመለሰች ኳስ የተሻለ የተጫወተውን ቡድን ልታሸንፍ ትችላለች። ልጆቻችሁ የሚጫወቱት በአዋቂዎች ግብ ከሆነ ደግሞ፣ ስፋቱ 7.32 ሜትር ከፍታውም 2.44 ሜትር ነው፤ የ12 ዓመት ልጅ ዘሎም የማይደርስበት ቦታ ብዙ ነው። ከአግዳሚው ሥር የገባችን ኳስ የግብ ጠባቂ ስሕተት ብለው አይጻፉ።

የሚታረመውን አንድ ነገር መምረጥ

ማስታወሻው ላይ ምናልባት ስምንት ወይም ዘጠኝ ነጥቦች ይኖራሉ። ለመምረጥ ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቁ፦ ይህ ነገር ባለፉት ጨዋታዎችም ታይቷል ወይ? በሁለት ወይም በሦስት ልምምድ ሊሻሻል ይችላል? ከአንድ ልጅ በላይ የሚመለከት ነው? ሦስቱንም ካላሟላ ይተዉት። ግቡ ከማዕዘን ምት ስለተቆጠረ ብቻ ሳምንቱን በሙሉ በማዕዘን ምት ማሳለፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ በእኛ ጉዳይ ሦስቱንም ያሟላው በራሳችን የሜዳ ክፍል የሚደረገው የእጅ ውርወራ ነበር።

ልምምዱ 75 ደቂቃ ቢሆን የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ለሰውነት ማሟሟቂያ ይስጡ። ፊፋ ጉዳትን ለመከላከል ያዘጋጀው «11 ፕላስ» የተባለው መርሐ ግብር በ15 እንቅስቃሴዎች የተዋቀረና 20 ደቂቃ አካባቢ የሚወስድ ሲሆን፣ ከ7 እስከ 13 ዓመት ለሆኑ ልጆች የተዘጋጀ የራሱ ቅጂም አለው። ቀጥሎ የመረጡትን ነገር በጨዋታ መልክ ያሠሩ፤ ለምሳሌ በትንሽ ሜዳ 5 ለ 5 እየተጫወቱ ኳስ በጎን በኩል በወጣች ቁጥር፣ ወርዋሪው ኳሷን ከመልቀቁ በፊት ሁለት ተጫዋቾች መቅረብ አለባቸው የሚል ሕግ ያውጡ። ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁበት ልምምድ ግን ይህን አያስተምርም፤ መቼ መቅረብ እንዳለባቸው የሚወስኑት እነሱ እንጂ ፊሽካው መሆን የለበትም። በመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች አንዱን ቡድን 1 ለ 0 እየተመራ፣ 8 ደቂቃ እንደቀረው አድርገው ያጫውቱና ከዚያ ሚናቸውን ይቀያይሩ። ልጆች ሲመሩም ሆነ ሲመሩባቸው በመጨረሻው ሰዓት የሚደናገጡት ያን ስሜት ከጨዋታ ቀን ውጪ ስለማያገኙት ነው።

ግቡ በጭንቅላት የተቆጠረ ከሆነ ደግሞ ልጆቹን ደጋግመው ኳስ በጭንቅላት በማስመታት ለማካካስ አይሞክሩ። የአሜሪካ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ለ10 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች ኳስ በጭንቅላት መምታትን የከለከለ ሲሆን፣ ከ11 እስከ 13 ዓመት ላሉት ደግሞ በልምምድ ላይ ገድቦታል። የእናንተ ውድድር እንዲህ ያለ ደንብ ባይኖረው እንኳ ጥንቃቄው ተገቢ ነው።

የተሳሳተው፣ ያልተጫወተውና እየረዘመ ያለው ልጅ

በሽንፈቱ ጨዋታ ላይ ጎልቶ የተሳሳተው ልጅ ጤነኛ ከሆነ በሚቀጥለው ጨዋታ በቋሚ አሰላለፉ ውስጥ ይግባ። ያለ ምንም ንግግር በቦታው መሰለፉ ከየትኛውም ማጽናኛ ይበልጣል፤ መውጣቱ ግን፣ ምክንያቱ ሌላ ቢሆን እንኳ፣ ለእሱም ለጓደኞቹም ቅጣት ሆኖ ይታያል።

ጥብቅ በሆነ ጨዋታ አሠልጣኝ ተጠባባቂዎቹን ይረሳል። ስለዚህ የውድድር ዘመኑ አጋማሽ ላይ የእያንዳንዱን ልጅ የተጫወተበትን ደቂቃ ይደምሩ፤ ድምሩ ያስደነግጥዎ ይሆናል። የጨዋታው ሕግ ቁጥር 3 በታዳጊዎች እግር ኳስ ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ እንዲገባ ብሔራዊ ማኅበራት መፍቀድ እንደሚችሉ ይደነግጋል፤ ውድድራችሁ ይህን የሚፈቅድ ከሆነ የደከመውን አማካይ ለአምስት ደቂቃ አሳርፎ መመለስ ይቻላል፣ ተጠባባቂውም ጨዋታው በሚከብድበት ሰዓት የመጫወት ዕድል ያገኛል።

ሌላው በአጋማሹ ላይ መታየት ያለበት ጉዳይ የልጆቹ ዕድገት ነው። ቁመት በፍጥነት የሚጨምርበት ጊዜ በሴቶች በአማካይ 12፣ በወንዶች ደግሞ 14 ዓመት አካባቢ ነው። በውድድሩ መጀመሪያ ላይ ቀልጣፋ የነበረ ልጅ አሁን ኳስ መቆጣጠር አቅቶት፣ እግሩ እየተጠላለፈና ጉልበቱን ወይም ተረከዙን እያመመው ከሆነ፣ ስንፍና ነው ከማለትዎ በፊት ቁመቱን ይለኩ፤ ሕመሙ ከቀጠለም ሐኪም ይየው። እንዲህ ያለ ልጅ የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ቀለል ያለ ልምምድ ነው።

የደረጃ ሰንጠረዡ ጉዳይ ብዙ አያነጋግርም። ድል 3 ነጥብ ስለሚያስገኝ ዘጠኝ ጨዋታ የቀረው ቡድን ገና 27 ነጥብ ከፊቱ አለው፤ ልጆቹ ከጠየቁ ይህን ይንገሯቸው፣ ካልጠየቁ ግን እርስዎ አያንሡት። የዚያን ምሽት ማስታወሻ ግን በጥንቃቄ ያስቀምጡት፤ በሁለተኛው ዙር ከዚሁ ተጋጣሚ ጋር ትገናኛላችሁ።

በሚቀጥለው ጨዋታ ላይ አንድ ወላጅ ወይም ያልተሰለፈ ልጅ ወረቀትና እርሳስ ይዞ የመረጣችሁትን ነገር ብቻ ይቁጠር። እኛ በራሳችን የሜዳ ክፍል ያገኘናቸውን የእጅ ውርወራዎች፣ ከእነሱም ውስጥ ኳሷ በእኛ እግር ሥር የቆየችባቸውን ነበር ያስቆጠርነው። በዕረፍት ሰዓት ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ በመጀመሪያ ለልጆቹ ያንን ቁጥር ይንገሯቸው።