ቁም ሳጥን መሀል ቤት ሲቆም፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ጅማ ውስጥ አንዲት ሰፊ ክፍል ተከራይቶ ሳሎንም መኝታም ማውጣት የፈለገ ሰው ግድግዳ አያስገነባም፤ ቁም ሳጥኑን ጎትቶ መሀል ላይ ያቆመዋል። አልጋው ከኋላ ይሸሸጋል፣ እንግዳው ከፊት ይቀመጣል። ዘዴው ጥሩ ነው፤ እኔም የምቃወመው አይደለሁም። ነገር ግን ቁም ሳጥን የተሠራው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ እንዲቆም ነው። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ያንን ግድግዳ ከተነጠቀ በኋላ ነው።

በሩ ሲከፈት ወደ ፊት ያዘነብላል

ከሁሉም የሚያሰጋው ይህ ነው። የተለመደ ቁም ሳጥን ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሁለቱ በሮች ሲከፈቱ ክብደታቸው ከፊት እግሮቹ አልፎ ይወጣል፤ በሩ መስታወት ካለው ወይም መሳቢያ ከተጎተተ ይብሳል። በላዩ ላይ ሻንጣና ብርድ ልብስ ተቆልሎ፣ ልጅ ደግሞ መሳቢያውን እንደ ደረጃ ረግጦ ሊወጣ ቢሞክር ውጤቱ ግልጽ ነው። አይኬያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በአሜሪካ የሸጣቸውን 29 ሚሊዮን ያህል ባለ መሳቢያ ሳጥኖች ከገበያ የሰበሰበው ግድግዳ ላይ ሳይታሰሩ ሲቀሩ በሕፃናት ላይ ስለሚወድቁ ነበር።

«የእኔ የዋንዛ ነው፣ ከባድ ነው፣ አይወድቅም» የሚል አይጠፋም። የጅማ አናጢ የሠራው ቁም ሳጥን በእርግጥ በቀላሉ አይነቃነቅም፤ ከተነቃነቀ ግን የሚይዘው ሰው የለም።

ለመፈተን ልብሱ እንዳለ ሁለቱንም በሮች ክፈቱ። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘውት፣ ሦስተኛው ከኋላ በትከሻ ከፍታ ቀስ ብሎ ይግፋ። ከፊት ለፊቱ ማንም አይቁም። የኋላ እግሮቹ ከመሬት ከተነሱ መታሰር አለበት።

መፍትሄው አንዱን ጎኑን ከጎን ግድግዳ ጋር ማገናኘትና ከላይና ከጉልበት ከፍታ ላይ በአንግል ብረት ማሰር ነው። የሚለያየው ግድግዳው ነው። የጭቃ ቤት ከሆነ ልስኑ ምንም አይሸከምም፤ ግድግዳውን እያንኳኳችሁ ቋሚውን እንጨት ፈልጉና ረጅም ብሎን እርሱ ላይ አስገቡ። ብሎኬት ከሆነ ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው፤ አጭር ፊሸር (ብሎን የሚገባበት የፕላስቲክ ማያዣ) ክፍተቱ ላይ ሲደርስ ይሽከረከራል እንጂ አይዝም። በአቅራቢያው የኮንክሪት ዓምድ ካለ እርሱ ይሻላል።

አከራይዋ ግድግዳ እንዳይበሳ ከከለከሉ ሞራሌ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ወራጅ አቁማችሁ፣ ሞራሌውን ወራጁ ላይ፣ ቁም ሳጥኑን ሞራሌው ላይ እሰሩ፤ ይህንንም ቢሆን አስፈቅዱ። ኮርኒሱ ላይ ማሰር ዋጋ የለውም፤ ማዳበሪያ ወይም አቡጀዲ የተወጠረበት ኮርኒስ ራሱን ከቻለ ይበቃዋል። ሁለት ቁም ሳጥን ያለው ሰው ጀርባ ለጀርባ አድርጎ በዳርና ዳር ቋሚዎቻቸው በኩል በብሎን ቢያጣምራቸው የመቆሚያቸው ስፋት እጥፍ ይሆናል። ያም ሆኖ ልጅ ባለበት ቤት ግድግዳው አይቀርም። ከባድ ዕቃ ሁልጊዜ ከታች ይግባ፤ አናቱ ባዶ ይሁን።

በሩ አይገጥምም፣ ወይም ራሱን ይከፍታል

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የወለሉ ነው። የሲሚንቶ ወለል ሲታጠብ ውሃው እንዲወጣ ወደ በር ዘመም ተደርጎ ይሠራል፤ መሀል ላይ የቆመ ቁም ሳጥን ዝንባሌውን አብሮ ይወርሳል። ውሃ ልክ አስቀምጡና ዝቅ ባለው እግር ሥር ጠንካራ የእንጨት ሽብልቅ አስገቡ። የተጣጠፈ ካርቶን አታድርጉ፤ ወለሉ በተወለወለ ቁጥር ውሃ ጠጥቶ ይሟሽሻል። ወለሉ የአፈር ከሆነ ከአራቱም እግሮች ሥር ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ።

ቁም ሳጥኑ ተስተካክሎም በሮቹ ካልገጠሙ ጀርባውን እዩ። ያች ስስ ኮምፔንሳቶ ለሽፋን ብቻ የተመታች ትመስላለች፤ ነገር ግን ሳጥኑ ወደ ጎን እንዳይዛባ የያዘችው እርስዋ ናት። ምስማሯ ከላላ በኮላ አጣብቃችሁ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ምቱ። ከመኝታው በኩል ደግሞ ቦርሳና ካፖርት አትስቀሉባት።

ልብሱ ሻጋታ ይሸታል

በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚጥልበት ከተማ ይህ አያስገርምም። ደግነቱ መሀል ቤት የቆመ ቁም ሳጥን የውጭ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የተሻለ አየር ያገኛል። የሚረጥበው ግድግዳውን የነካው ጎኑ ነው፤ ስለዚህ በአንግል ብረቱ በኩል የሁለት ጣት ውፍረት ያለው እንጨት አስገብታችሁ እሰሩት።

ከኋላ ያለው ክፍል ያፍናል

መስኮቱ ከፊት በኩል ቀርቶ ከቁም ሳጥኑ በላይ ያለው ክፍተት በመጋረጃ ወይም በፕላስቲክ ተዘግቶ ይሆናል። ክፍተቱን ክፈቱት። ጅማ ላይ ቡና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚፈላ ይታወቃል፤ የከሰል ምድጃ ግን ወደ መኝታው በኩል አይግባ፣ ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ቢጠፋም እንኳ። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ከሳሎኑ በኩልም የሚፈላው በርና መስኮት ተከፍቶ ነው።

መተላለፊያውም 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ይኑረው። የቁም ሳጥኑ በር ሲከፈት መተላለፊያውን የሚዘጋው ከሆነ አዙሩት፤ በእሳት ጊዜ ከኋላ የተኛ ሰው ሌላ መውጫ የለውም።

የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ገመድ ይግላል

ቁም ሳጥኑ ረግጦት ይሆናል። አንሱት፣ የተጎዳውን ገመድ ጣሉት፤ አዲሱን በግድግዳው ጥግ አዙሩት።

ብሎኑ ይነቀላል

ቺፑድ፣ ማለትም ከእንጨት ፍርፋሪ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ፣ ውሃ ጠጥቶ ካበጠ በኋላ ብሎን አይዝም፤ ቦታ እየቀያየሩ መብሳት እርሱን ማድከም ነው። እንዲህ ያለውን ቁም ሳጥን ወደ ግድግዳው መልሱና ክፍሉን በሽቦ ላይ በተሰቀለ ወፍራም መጋረጃ ክፈሉ።